«ሽንኩርት ትሰጡታላችሁ?»

ውሻችን ማዕበል ይባላል። አራት ዓመት አልፎታል፤ ቁመቱ ግን ከጉልበቴ በታች ነው። የፊት እግሮቹ ከአንጓቸው ጀምሮ ወደ ውጭ ጎብጠዋል፤ ሲሮጥ ደረቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ወደ ማታ ገደማ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በሐይቁ ዳር አብረን ስንሄድ የሚያየው ሰው «ሲፈጠር ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ብዙ ጊዜ «አዎ፣ ሲፈጠር ነው» ብዬ አልፌያለሁ። አይደለም። ሲፈጠር እግሩ ቀጥ ያለ ነበር። እንዲህ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ከእጄ ይልቅ ደግሞ አፌ ነው የበደለው።

ያመጣሁት በ2014 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሽምብጥ አካባቢ የሚኖር አንድ የማውቀው ሰው ውሻው ስድስት ወልዳለት «የምትፈልገውን ና ውሰድ» ብሎ ደወለልኝ። ሄጄ ሳያቸው ቡችሎቹ ገና አንድ ወር ቢሆናቸው ነው። ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ መጻፍ ብችል ደስ ባለኝ፤ ሰውየው ራሱ ግን «አንድ ወር ቢጨምሩ ይሻል ነበር» ብሎኛል። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አብራኝ መጥታለች፤ አንዱን ቡችላ ደረቷ ላይ አስተኝታ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ካርቶን ውስጥ አስገብተን ይዘነው ወጣን።

ስንመለስ ባጃጁን ሐይቁ ዳር እንዳስቆምላት ለመነችኝ። መሬት ስታስቀምጠው ትንሽ ማዕበል መጥታ እግሩን ነካችው። አልሸሸም፤ ቆሞ ጮኸባት። ስሙ ከዚያ ነው የመጣው። በእኛ አገር የውሻ ስም ብዙ ጊዜ ለሰው የሚላክ መልእክት ነው። አባቴ ውሻውን «መቻል» ብሎ የሰየመው ድንበር ለሚገፋው ጎረቤቱ ነበር፤ ጧትና ማታ ሲጠራው ያ ሰው እንዲሰማ። ልጄ ግን ለማንም የምትልከው ነገር አልነበራትም። ያየችውን ነው የሰየመችው።

የመጀመሪያው ሳምንት ቅበላ ስለነበር ማዕበል ከሥጋው ቁርጥራጭ፣ ከወተቱም ደረሰው። የካቲት 21 ሁዳዴ ገባ። ባለቤቴ የፍስክ ዕቃውን አጥባ ስታነሣ አንዲት ሳህን በእጇ አስቀርታ «ይቺን ለእሱ ልለይለት፤ ወተት በየቀኑ እንግዛለት፤ ገና ጡት ያልጠገበ ነው» አለችኝ። ወተት ተወዶ ነበር። ያንን ግን አልተናገርኩም። «ውሻ ነው፤ ያገኘውን ይብላ። በነነዌ እንስሳቱ ሳይቀሩ ፆመው የለም ወይ?» አልኳት። የነነዌ ፆም ሦስት ቀን ነው፤ ዐቢይ ፆም 55 ቀን። ይህን የማያውቅ ምእመን የለም። ቅዱስ ቃሉን የጠቀስኩት እግዚአብሔርን ፈርቼ አልነበረም፤ ገንዘቤን ቆጥቤ ነው። ባለቤቴ ሳህኗን ከሌሎቹ ጋር ሰቀለቻት።

ከዚያ ወዲያ የማዕበል ምግብ እኛ የተረፈን ነበር፦ እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር ወጥ፣ አንዳንድ ቀን ደረቅ ዳቦ በውሃ የራሰ። ይህን ያደረገ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በዚያ ዓመት 22 ዓመት አስተምሬ ነበር። የተመጣጠነ ምግብን፣ የአጥንትን ዕድገት፣ የካልሲየምን ጥቅም በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ነው ጠጉሬ የሸበተው።

ልጄ ከኪሴ ጠመኔ ወስዳ የቡችላውን ቁመት በግቢው በር ላይ ታሰምር ነበር። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎትታ ታቆመዋለች፣ ጭንቅላቱ ላይ ደብተር ታስቀምጣለች፣ ታሰምራለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች በመካከላቸው ጣት ያስገቡ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረቡ አንድ ወፍራም ነጭ መስመር ሆኑ። «አባዬ፣ አላድግ አለ እኮ» አለችኝ። «ዘሩ ትንሽ ይሆናል» አልኳት። እናቱን አይቻታለሁ፤ ጎንበስ ሳልል ጭንቅላቷን የምዳስሳት ውሻ ነበረች።

ያሳሳተኝ ሆዱ ነው እላለሁ፤ ግን እንዲያሳስተኝ የፈለግሁት እኔ ነኝ። ሆዱ እንደ ቅል ክብ ነበር፣ የተወጠረ። ያንን ሳይ «ጠግቧል» እላለሁ። እጄን ጎኑ ላይ ሳደርግ የጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ጠጉሩ ደርቆ ቆሟል፤ ከመጫወት መተኛት ያበዛል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ማሰብ ነበረብኝ፤ የጠገበ ሆድና የከሳ ጎን አብረው አይሄዱም። ጎረቤታችን እትዬ ለቡና መጥተው አንድ ጊዜ ብቻ አይተውት «ይሄ የጥጋብ ሆድ አይደለም፤ የወስፋት ሆድ ነው። ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል» አሉ። ሰማኋቸው። «ከፋሲካ በኋላ እናያለን» አልኩ።

ፋሲካ ሚያዝያ 16 ዋለ። በማግስቱ ልጄና እኔ ማዕበልን ይዘን ወደ ሐይቁ ወረድን። ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን የሚያራግፉበት ቦታ ላይ የደንገል ታንኳዎች ለመድረቅ ቆመዋል፤ ፔሊካኖች የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ። አንድ ወጣት አስጋሪ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይሰነጥቃል፤ አጠገቡ አንድ ወፍራም ቡናማ ቡችላ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ ያለውን ነጭ ነገር ልጄ ወዲያው ለየችው። ማዕበልም አለው። «ከየት ነው ያመጣኸው?» አልኩት። «ሽምብጥ፣ ከአንድ ሰውዬ። ስድስት ነበሩ። እኔ ግን የወሰድኩት ዘግይቼ ነው፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ» አለኝ። ከአንድ ሆድ በአንድ ቀን የወጡ ናቸው። የእሱ ከእኛው እጥፍ በላይ ነበር። ሁለቱ ሲሸታተቱ ማዕበል በወንድሙ ሆድ ሥር ጎንበስ ሳይል አለፈ።

«ምንድን ነው የምታበላው?» አልኩት። አስጋሪው ጥያቄው ገረመው። «ምን አበላዋለሁ ጋሼ፣ የዓሣ ራስ እቀቅልለታለሁ፤ እሾሁን እለቅምና ከእንጀራ ጋር አሽቼ እሰጠዋለሁ። እኛስ ከዚህ ሌላ ምን አለን?» አለ። ቤቴ ከዚያ ቦታ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። 55 ቀን ሙሉ ይህ ሁሉ ራስና ጉበት ለፔሊካን ሲጣል ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። የትኛው ክሊኒክ እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለምና። ሐኪሙ ወጣት ነው። ቡችላውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቀና ሲል ፊቱ በራ። «ቲቸር! አላወቁኝም? 10ኛ ክፍል አስተምረውኛል። የሚሥሉት የአጥንት ሥዕል እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ» አለኝ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ኮርታ ነበር።

መዘነው፦ 2 ኪሎ ከ400 ግራም። በዚህ ዕድሜ የዚህ ዓይነት ውሻ ቢያንስ 5 ኪሎ መሆን ነበረበት አለ። ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ገለጠ። ሮዝ መሆን የነበረበት ድድ ኪሴ ውስጥ ያለውን ጠመኔ ይመስል ነበር። «ደም የለውም» አለ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ።

«ከእናቱ በስንት ዕድሜው ተለየ?»

«በሁለት ወሩ ግድም።»

«ምን ይበላል?»

«ወተት። በየቀኑ። እንቁላልም ይሰጠዋል።»

«ወጥ ነገር? ሽንኩርት ያለው? ሽንኩርት ትሰጡታላችሁ?»

«በፍፁም» አልኩ።

አንዱም እውነት አልነበረም። አስቤበት አይደለም፤ ከአፌ ተንሸራቶ ወጣ። ያ ልጅ የአጥንት ሥዕሌን ሲያስታውስ፣ እኔ ደግሞ አጥንት የሚሠራበትን ዘመን በሽሮ አሳለፍኩት ልለው አልቻልኩም። ልጄ እጇ ቡችላው ጀርባ ላይ ነበር። እጇ ቆመ። ምንም አልተናገረችም፤ ቀና ብላም አላየችኝም።

ሐኪሙ አመነኝ። ለምን አያምነኝም? ምግቡ ደህና ከሆነ ችግሩ ትል ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ትሉስ በእርግጥ ነበረበት። የውሻ ወስፋት ቡችላውን የሚይዘው ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ ነው፤ በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ የቆየው እጭ በእርግዝናዋ ጊዜ ይነቃና ወደ ጽንሱ ይሻገራል። ደም የሚመጠው ሌላው ትል ደግሞ በጡቷ ወተት ይተላለፋል። ስለዚህ ቡችላ ገና ሁለት ሳምንት ሲሆነው የመጀመሪያው መድኃኒት ሊሰጠው፣ ከዚያም ቢያንስ ስምንት ሳምንት እስኪሆነው በየሁለት ሳምንቱ ሊደገምለት ይገባል። ማዕበል በ13 ሳምንቱ አንድም አልወሰደም ነበር። ሐኪሙ ወደ ልጄ ጎንበስ ብሎ እጇን በሳሙና እንድትታጠብ መከራት፤ የወስፋቱ እንቁላል አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ ልጅ ሲውጠው እጩ በሰውነት ውስጥ ይዞራል፣ ዓይን ድረስም ሊደርስ ይችላል። ከሁለት ወር በላይ ያንን ቡችላ ታቅፋ ነበር የምትውለው። ጆሮዬ ሰማ፤ አፌ ግን ያኔም አልተመለሰም። የትል ሽሮፕ ሰጠው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚወስድበትን ቀን ጻፈልን፣ «አመጋገቡን እንዳለ ይቀጥሉ፣ ቲቸር» ብሎ ሸኘን።

እንዳለ ቀጠልኩ። ሽሮው በዶሮ ወጥና በቀይ ወጥ ትራፊ ተተካ፤ ፍስክ ነውና አሁን ሥጋ አለበት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዶሮ ወጥ ከሥጋው ሽንኩርቱ እንደሚበዛ አገር ያውቃል። ሽንኩርቱ ቢጎዳ ኖሮ ነግሮኝ ነበር እላለሁ በልቤ። የዋሸሁትን ሰው ስላልነገረኝ እወቅሰው ነበር ማለት ነው።

በእነዚያ ሳምንታት አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ልጄን ግቢው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። ውሃው ይፈስሳል፤ ሁለት እጆቿ ርሰዋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ስለነበር ተቆጣሁ፤ «ውሃ ታባክኛለሽ! ዝጊው!» አልኳት። ዘጋችው። የያዘችውን ነገር ከኋላዋ ደብቃ ወደ ጓሮ ሄደች። ልብ አላልኩትም።

ሆዱ ጎደለ፤ ትሉ ወጣ። ትንሽ ክብደትም ጨመረ። የፊት እግሮቹ ግን የጨመረውን ክብደት አልቻሉትም። አንጓው አበጠ፤ ከዚያ እግሩ እንደ ቀስት መጎበጥ ጀመረ፤ ስናነሳው ይጮኻል። ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት በሽታ መሆኑን አወቅሁ። ሥዕሉን ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ! ወደ ሐኪሙ ብመለስ እውነቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ አልሄድኩም። እናቶች ሕፃን ቅቤ ቀብተው ፀሐይ እንደሚያሞቁት ጧት ጧት ማዕበልን ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ አስተኛው ጀመር። የባሕር ዳር ፀሐይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚወጣ ፀሐይ፣ ይህን ካላዳነ ምን ያድነዋል አልኩ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አደረግሁ።

በአሥረኛው ቀን ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች ብቻዬን ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ እግሩን አይቶ ግራ ገባው፤ «በየቀኑ ወተትና እንቁላል እየበላ?» አለ። በሩን ዘጋሁና ነገርኩት። በአራት ሳምንቱ እንደወሰድኩት፣ ሁዳዴን በሽሮ እንዳለፈ፣ ወተቱ ውሸት፣ እንቁላሉ ውሸት፣ ሽንኩርቱ ዕለት ዕለት እንደነበረ። አልተቆጣኝም። ብዕሩን አስቀምጦ ትንሽ ዝም አለ። «ያኔ ነግረውኝ ቢሆን አጥንቱን አይ ነበር» አለ። ከዚህ በላይ ምንም አላለም፤ ይህችም እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም።

ከዚያ አስተማረኝ፤ አሁን ተማሪው እኔ ነበርኩ። ሰው ቆዳው ላይ በሚያርፈው ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ውሻ ግን በዚህ መንገድ የሚበቃውን አይሠራም፤ ከሚበላው ነው የሚያገኘው፤ ከዓሣ፣ ከእንቁላል አስኳል፣ ከጉበት። ዘጠኝ ቀን ፀሐይ ላይ ያስተኛሁት በከንቱ ነው። ሽንኩርት ደግሞ፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ደሙን ትሉ ከሥር ሲመጥ፣ እኔ ከላይ የቀረውን በምስር ወጥና በዶሮ ወጥ እሰብር ነበር። «ቀንጭሯል፣ ቲቸር» አለኝ።

መቀንጨር የሚለውን ቃል እኔው ነኝ ክፍል ውስጥ የማስተምረው። መቀንጨርን ለማስቀረት የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ጽፌ አስረድቻለሁ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልላችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ መሆናቸውን አስጠንቻቸዋለሁ። ሕፃናት ከፆም ነፃ ሆነው ሳለ ቤቱ ሲፆም፣ ዕቃው የፍስክ እንዳይነካው ሲባል፣ እነሱም ሳይታወቅ አብረው እንደሚፆሙ ጭምር ተናግሬያለሁ። ልጅን ከውሻ ጋር ማስተካከሌ አይደለም። ግን የተሰቀለችው ሳህን ያቺው ሳህን ናት፤ ያንን ያህል የማውቅ ሰው በገዛ ቤቴ ሳትሰቀል ማስቀረት አልቻልኩም።

የታዘዘልንን አደረግን። የተቀቀለ እንቁላል፣ እሾሁ ተለቅሞ የበሰለ ዓሣ፣ በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ጉበት፣ የእንቁላል ቅርፊት ተፈጭቶ ሐኪሙ በለካልን ልክ። ዓሣውን ከዚያው ከወንድሙ ጌታ ነበር የምገዛው፤ ብዙ ቀን ራሱን በነፃ ይመርቅልኛል። ድዱ በአንድ ወር ቀላ። ጩኸቱ ቆመ። ሁለተኛው ወር ላይ ከበሩ እስከ ጓሮ ሮጠ። አጥንቱ ጠነከረ፤ የጠነከረው ግን እንደጎበጠ ነው። የሰኔ መስመሮች እንደ የካቲቶቹ ጣት ጣት እየተራራቁ ወጡ፤ ከዚያ ቆሙ።

ለንስሐ አባቴ በፍልሰታ ነገርኳቸው። ስለ ውሻው ብዙም አልጠየቁኝም። «ስትዋሽ ማን ሰማህ?» አሉኝ። «ልጄ።» «ስታቀናውስ ማን ሰማህ?» ዝም አልኩ። በሩን ዘግቼ ነበር ያቀናሁት። ቀኖና አልሰጡኝም፤ «መጀመሪያ ሂድና እሷን» ብለው መስቀሉን አሳለሙኝ።

ሌላ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው፣ ወደ ማታ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ማዕበል ውሃው ጫፍ ላይ እየተወዛወዘ ይሮጣል። «ያን ቀን ለዶክተሩ የነገርኩት ሁሉ ውሸት ነበር» አልኳት። «አፍሬ ነው። አንቺ እየሰማሽ መዋሸቴን አውቃለሁ። እግሩም የጎበጠው በዚያ ነው።»

ጠጠር አንሥታ ውሃው ውስጥ ወረወረች።

«አውቃለሁ» አለች። «ዶክተሩ ስለ ሽንኩርት ሲጠይቅህ ነው ያወቅሁት፤ ካልጎዳው አይጠይቅም ነበር። ከዚያ በኋላ እየለቀምኩ አወጣለት ነበር። የደቀቀው ግን አልወጣ ይለኛል። ስለዚህ እንጀራውን በቧንቧ አጥበው ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ተቆጣኸኝ፣ አባዬ። ውሃ ታባክኛለሽ ብለህ።»